የኦልስተን ቅርንጫፍ ባቡር በአንድ ክፍል ውስጥ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ጠጕሩ የሸበተ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕርግ ያበቃ ሰው፣ ከሥራው ሲመለስ በሩን ዘግቶ በትንንሽ ባቡር ይጫወታል ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይህን ለማየት ደርሳ ቢሆን ኖሮ «ልጄን ምን ለከፈው?» ብላ ጠበል ሳትወስደኝ አትቀርም ነበር። እኔም ብሆን በመጀመሪያው ዓመት ነገሩን ከወዳጆቼ ደብቄ «ጥቂት የእንጨት ሥራ አለብኝ» እያልሁ አልፍ ነበር። ዛሬ ግን አላፍርበትም፤ የማላፍርበትንም ምክንያት ታሪኩን ስትሰሙ ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የተወለድሁት ድሬዳዋ ነው። በከዚራ ጥላ ሥር ያደገ ልጅ ሁሉ ሰዓት የሚያውቀው በባቡር ፊሽካ ነበር። አባቴ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ የብረት ሥራ ይሠራ ስለ ነበር፣ ከቤታችን የማሽን ዘይት ሽታ አይጠፋም። እኛም ልጆቹ የሰርዲን ቆርቆሮ ለቅመን፣ ቆርኪ ጐማ አድርገን፣ አምስት ስድስቱን በሲባጎ እያያያዝን ፉርጎ እንሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ትምህርትና እንጀራ ወደ ሰሜን እንግሊዝ አገር ወሰዱኝ፤ ኑሮዬም በኒውካስል ከተማ ሆነ። የቆርቆሮው ፉርጎ ግን ከልቤ ሳይወጣ ኖሮ፣ ልጆቼ አድገው ከቤት ሲወጡና አንድ ክፍል ባዶ ሲቀር፣ እንደገና ብቅ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አስቀድሜ ላስረዳ። ከሱቅ የተገዛ የልጆች ባቡር ክብ ሐዲድ ላይ ይዞራል፤ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀውም የለም። እኔ የምናገርለት ሥራ ግን በምድር ላይ በእውነት የነበረን አንድ የባቡር መንገድ፣ ከነጣቢያው፣ ከነድልድዩ፣ ከነመልክአ ምድሩ አሳንሶ መሥራት ነው። ስለዚህ ሠሪው ሐዲድ ከመግዛቱ በፊት የሚሠራውን መንገድ መምረጥና ታሪኩን መማር ይገባዋል። እኔ የመረጥሁት ከኒውካስል በስተ ምዕራብ ያለውን የኦልስተንን ቅርንጫፍ ነው።

ከኒውካስል ወደ ካርላይል የሚሄደው ዋናው መንገድ በ1838 ተፈጽሞ የተከፈተ ነው። (ከእንግዲህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።) በዚህ መንገድ ላይ ሃልትዊስል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከእርሷ አንድ ነጠላ ሐዲድ ተገንጥሎ፣ የሳውዝ ታይንን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ፣ ወደ ደቡብ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ርዝመቱ 13 ማይል፣ ማለት 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ፌዘርስቶን ፓርክ፣ ኮንውድ፣ ላምብሊና ስላጊፎርድ የሚባሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ነበሩ፤ መጨረሻው ኦልስተን ነው። እንግሊዞች ኦልስተንን ከገበያ ከተሞቻቸው ሁሉ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ከሚገኙት እንደ አንዷ ይቈጥሯታል፤ ከፍታዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ያህል መሆኑን ለደብረ ብርሃን ሰው ብትነግሩት ሙቀቱን እንዴት ቻላችሁት ብሎ ይጠይቃችኋል። ይሁን እንጂ ብርዱንና በረዶውን እኔ ቀምሼዋለሁና ደጋ ናት ቢሉ አልከራከራቸውም።

ባቡሩን ወደዚያ የወሰደው እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን ጥይት የሚሠራበትን ከባድ ማዕድን ማለቴ ነው። በኦልስተን ዙሪያ ያሉት ተራሮች እርሳስ የሚቈፈርባቸው ነበሩ፤ ይህን የመሰለ ክብደት በጋማ ከብትና በጋሪ ቍልቍል ማውረድ ደግሞ አድካሚም ውድም ነበር። መንገዱ በ1852 ተሠርቶ አለቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በላምብሊ ሸለቆ ላይ የተዘረጋው ታላቁ የድንጋይ ድልድይ ተፈጸመና ከሃልትዊስል እስከ ኦልስተን ያለው ሐዲድ ሁሉ አንድ ሆነ። ነገር ግን ብዙ ዘመን ሳያልፍ ከሌላ አገር የሚመጣ ርካሽ እርሳስ ገበያውን ስለ ያዘው የማዕድኑ ሥራ እየከሳ ሄደ። የተሠራበት ምክንያት ሲሞት ባቡሩ አብሮ አልሞተም፤ ሰውና ከሰል፣ ኖራና ከብት እያመላለሰ ኖረ።

በ1963 ዶክተር ቢቺንግ ስለ ባቡር መንገዶች ያቀረቡት ዝነኛ ሪፖርት በወጣ ጊዜ፣ በእንግሊዝ አገር አያዋጡም የተባሉ ቅርንጫፎች በብዛት ተዘጉ። የኦልስተን ቅርንጫፍም ይዘጋል ተብሎ ነበር። ያዳነው ገቢው አይደለም። ወደዚያ ሸለቆ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ የመኪና መንገድ ስላልነበረ፣ በረዶ በወረደ ጊዜ ሕዝቡ ከባቡሩ በቀር መውጫ አልነበረውም። ታዲያ መንገዱ ከተሠራ በኋላ፣ በሜይ ወር 1976፣ ባቡሩ ተቋረጠ። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ከዚህ ሌላ መንገድ አልሠራም ብዬ ቈረጥሁ። መቶ ሃያ አራት ዓመት ያገለገለ ነገር፣ በመጨረሻ ዕድሜውን ያራዘመለት የአንድ ጥርጊያ መንገድ መጓደል ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ሕልም ሁሉ የሚፈተነው በሒሳብ ነውና።

በእንግሊዝ አገር አብዛኛው ሰው የሚሠራበት መጠን ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያነሰ ነው። ሃያ አንዱ ኪሎ ሜትር በዚህ መጠን ሲያንስ 275 ሜትር ያህል ይሆናል። የእኔ ክፍል ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ80 ነው። እንግዲህ ቅርንጫፉን በሙሉ እሠራለሁ ብል ሐዲዱ ከቤቴ ወጥቶ፣ የጎረቤቶቼን አጥር ጥሶ፣ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ካልሆነ አያበቃም። ስለዚህ የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልሥራ?» ሳይሆን «ምን ልተው?» የሚል ነው።

ስለ መጠኑ ከተነሣ አይቀር፣ አንድ የታወቀ ውሸት ልንገራችሁ። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት፣ ከብረት እስከ ብረት፣ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ለ76 ሲካፈል 18.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከሱቅ የሚገዛው ሐዲድ ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሌላው አውሮፓ የሚሠራበት መጠን 87 ጊዜ ያነሰ ስለ ሆነ 16.5 ለእነርሱ ልክ ነው። የእንግሊዝ ባቡር ግን ዋሻዎቹና ድልድዮቹ ገና ከጥንት በጠባቡ ስለ ተሠሩ አካሉ ከአውሮፓው ያንሳል፤ 87 ጊዜ ሲያንስ ደግሞ የዚያን ዘመን የኤሌክትሪክ ሞተር ከሆዱ የሚገባ አልሆነም። አምራቾቹም ሐዲዱን እንዳለ ትተው አካሉን ብቻ አተለቁት። በዚህ ዓይነት የእንግሊዝ ትንሽ ባቡር ኮቱ ለአንድ ሰው፣ ጫማው ለሌላ ሰው እንደ ተሰፋ ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል። ይህን የማይታገሡ ሰዎች አሉ፤ ሐዲዱን በገዛ እጃቸው በትክክለኛው ስፋት ይዘረጋሉ፤ የእያንዳንዱን ሎኮሞቲቭና የእያንዳንዱን ፉርጎ እግርም አውልቀው ይለውጣሉ። አደንቃቸዋለሁ፤ ነገር ግን አልተከተልኋቸውም። ባቡርን በጎን ስታዩት የሐዲዱ መጥበብ አይታወቅም፤ የማይታወቅ ውሸት ደግሞ ብዙም አይከብድም ብዬ ኅሊናዬን አባበልሁት። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያው እቅዴ ይህን ይመስል ነበር። በስተ ቀኝ ባለው አጭር ግድግዳ የሃልትዊስል ጣቢያ፤ በረጅሙ ግድግዳ የላምብሊ ድልድይ፤ በስተ ግራ ተራራ፤ ከድልድዩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ኦልስተን። ችግሩ ድልድዩ ነው። እውነተኛው 260 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከወንዙ በላይ ከፍታው 32 ሜትር ያህል ነው። ዘጠኝ ሰፋፊ ቅስቶች አሉት፣ የእያንዳንዳቸው ስፋት 17.7 ሜትር፤ ከእነርሱም ሌላ አነስተኛ ቅስቶች አሉ። በእኔ መጠን ርዝመቱ 3 ሜትር ከ41 ይሆናል። ባቡር ደግሞ እንደ ሰው በጠባብ ጥግ መታጠፍ ስለማይችል፣ ለእያንዳንዱ ማዕዘን 60 ሴንቲ ሜትር ማስቀረት ነበረብኝ። ከ4 ሜትር ከ20 ሁለት ጊዜ 60 ሲቀነስ 3 ሜትር ይቀራል። በዚህ ጊዜ ለብዙ ሠሪዎች የሚመጣው ሐሳብ ለእኔም መጣ፤ ከዘጠኙ ቅስቶች ሁለቱን ባጐድል ግማሽ ሜትር አተርፋለሁ። ማን ይቈጥራል?

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያለው ፍለጋ ለእኔ ከሥራው ይልቅ ይጣፍጠኛል። የእንግሊዝ የካርታ መሥሪያ ቤት ከጥንት ጀምሮ አገሩን 2500 ጊዜ አሳንሶ የነደፈበት ካርታ አለ፤ በእርሱ ላይ የእያንዳንዱ ጣቢያ መድረክ፣ የእያንዳንዱ ሐዲድ መጋጠሚያ፣ የሠራተኛው ቤት ጓሮ ሳይቀር ይታያል። ፎቶግራፍ ደግሞ ካርታ የማይናገረውን ይናገራል። በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ርዝመቱን የምታውቁት አንድ ነገር ካለ፣ የማታውቁትን ሁሉ በእርሱ ትለካላችሁ። እኔም የኦልስተንን የእቃ መጋዘን ግንብ የለካሁት በአጠገቡ በቆመ የመንገደኞች ፉርጎ ነው። በእግሬም ሄድሁ። የላምብሊ ድልድይ ዛሬ ለእግረኛ የተፈቀደ መንገድ ነው፤ ከላዩ ቆማችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ወንዙ እንደ ሻይ የቀላ ሆኖ ይታያችኋል፤ ከላይ ከደጋው ረግረግ ስለሚወርድ ነው። ለካሁ፤ ጻፍሁ፤ በረዶ ጣለብኝና ጣቶቼ እርሳሱን መያዝ ሲሳናቸው (አሁን የምንጽፍበትን ማለቴ ነው) ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ይህን ስናገር አንድ ነገር ልቤን ይነካኛል። የእኛው የጥንቱ ምድር ባቡር ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ ሐዲድ ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር በሰፊው ሐዲድ፣ በሌላ ጣቢያ ይሄዳል። የአሮጌዎቹን ጣቢያዎች መስኮት፣ የጣራቸውን ዘንበል፣ የውኃ ጋኖቻቸውን ቁመት በሜትር ለክቶ በደብተር የጻፈ ወጣት አላጋጠመኝም። ከእናንተ መካከል አንዱ ቢነሣ፣ ለአንድ ሜትር ሐዲድ የሚስማማ፣ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ሐዲድ በገበያ እንደሚሸጥ ልነግረው እወዳለሁ። ሜትሩ ግን ከሐዲዱ መቅደም አለበት፤ ግንብ እስኪፈርስ ይጠብቃል ብላችሁ አትመኑ።

ወደ ሥራው እንመለስ። እንደዚህ ያለ ድልድይ የሚቆመው በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ ሸለቆው ከሐዲዱ በታች መውረድ አለበት። ስለዚህ የእንጨቱን ክፈፍ ክፍት አድርጌ፣ ሐዲዱን ከወለሉ 1 ሜትር ከ25 ከፍ አድርጌ፣ ወንዙን ደግሞ ከእርሱ 42 ሴንቲ ሜትር በታች አኖርሁት። ከፍ ማድረጌ በምክንያት ነው፤ ባቡርን ከላይ ቍልቍል የሚያየው አሞራ ብቻ ነው፤ ሰው የሚያየው ከጎን ነው።

ቅስቶቹን ከኮምፔንሳቶ ቈርጬ፣ አንዱን ልክ ለሁሉ መለኪያ አድርጌ ሠራሁ። የቅስቱን ውስጥ በወፍራም ወረቀት አጐበጥሁት። በላዩ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚያህል ጄሶ ቀባሁና ደርቆ ሳይጠነክር እያንዳንዱን ድንጋይ በወፍራም መርፌ ጫርሁ። ለአንድ ቅስት የሁለት ሳምንት ማታ ይፈጃል። ባለቤቴ በሦስተኛው ቅስት ላይ ሳለሁ ገብታ አይታ «ይህን ያህል ድንጋይ ብትጠርብ ኖሮ ቤት ሠርተህ ነበር» አለችኝ፤ አልተሳሳተችም። ቀለሙ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚስትበትን ልንገራችሁ። የአሮጌ ግንብ ቀለም ግራጫ ብቻ አይደለም፤ ከግርጌው ሻጋታ ያረነጓዴዋል፤ ከቅስቱ ሥር ደግሞ ዝናም ከውስጡ እያጠበ የሚያወርደው ኖራ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይንጠባጠባል። ይህን ካላደረጋችሁ ድልድዩ ትናንት የተሠራ ይመስላል።

የሐዲዱ ጠጠር ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠጠሩ ተነስንሶ በብሩሽ ከተስተካከለ በኋላ ኮላ በውኃ በጥብጦ ማፍሰስ ነው። ነገር ግን ኮላው ብቻውን እንደ ዶቃ ድብልብል እየሆነ ጠጠሩን ያንከባልለዋል እንጂ አይገባም። ከበጠበጣችሁት ላይ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና አንዲት ጠብታ ስትጨምሩበት ግን በአንድ ጊዜ ሰርጎ ይገባል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ማታ ሙሉ አበላሽቻለሁ። ወንዙ ቨርኒሽ ነው፤ ቀጭን ቀጭኑን ስምንት ጊዜ፣ እያንዳንዱ እስኪደርቅ አንድ ቀን እየጠበቅሁ ቀባሁት። የመብራቱን ሽቦ ነገር አላበዛባችሁም፤ ሁለቱ ሐዲዶች እንደ ሁለት ሽቦ ሆነው 12 ቮልት ይሸከማሉ፤ ባቡሩ በቆመ ቍጥር ጥፋቱ ሁልጊዜ ከቆሻሻ ወይም ካልተበየደ መጋጠሚያ ነው። የሚጐትተው ሎኮሞቲቭ ጂ5 የተባለው ነው፤ በዳርሊንግተን ከ1894 እስከ 1901 ድረስ 110 ያህል የተሠሩ፣ የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝን ቅርንጫፎች ለአምሳ ዓመት ያገለገሉ ትንንሽ ታታሪዎች። በእኔ ክፍል ውስጥ ርዝመቱ አንድ ስንዝር አይሞላም።

በሁለተኛው ዓመት ማለቂያ ሥራው ሊጠናቀቅ በተቃረበ ጊዜ፣ ከቤታችን ሦስት በር አልፎ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት መጡ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ገደማ ይሆናል። ባለቤቴ ሻይ እያጠጣች ስለ እኔ ሥራ ስታወራላቸው ለካ እኒያ ሴት የስላጊፎርድ ልጅ ኖረዋል! በልጅነታቸው ወደ ሃልትዊስል የሚመላለሱት በዚያው ባቡር ነበር። ደረጃውን በምርኩዝ ቀስ ብለው ወጡ። እኔም እንደ ተማሪ ፈተና ላይ እንደ ተቀመጠ ሆንሁ። ባቡሩን አስነሥቼ ከድልድዩ ላይ ሳሳልፈው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ የጣራውን መብራት አጥፋልኝ አሉ። አጠፋሁ። የጠረጴዛውን መብራት ዝቅ አድርገህ በጎን ያዝልኝ አሉ። ያዝሁ።

የድልድዩ ጥላ በሸለቆው ላይ ወደቀ። ከጥላው በላይ የባቡሩ ጥላ ይሄዳል።

በብርድ ወራት፣ አሉ፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትወጣ፣ ጧት በባቡር ስንሄድ፣ ከመስኮቱ ድልድዩን ማየት አንችልም፤ እኛው ላዩ ነበርንና። ጥላውን ግን በመስኩና በውኃው ላይ ተዘርግቶ እናየዋለን፤ የእኛም ባቡር ጥላ በላዩ ይሮጣል። ልጆቹ ሁሉ በአንድነት ጮክ ብለን ቅስቶቹን እንቈጥር ነበር። ይህን ብለው በጣታቸው እየጠቆሙ መቍጠር ጀመሩ፤ ሰባት ላይ አበቃ። ጣታቸው በአየር ላይ እንዳለ ቀረና ወደ እኔ ዘወር ብለው «የቀሩት ሁለቱ የት ሄዱ?» አሉኝ።

የክፍሉን ጥበት አስረዳኋቸው፤ 60 ሴንቲ ሜትሩን፣ ማዕዘኑን፣ ሃልትዊስልን። በትሕትና ሰሙኝ፤ ቆንጆ ሥራ ነውም አሉኝ። ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁን ቃል አሁን አምጡት። የሐዲዱ መጥበብ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ተኝቼ አድሬ፣ የሁለት ቅስት መጕደል ለምን ነሣኝ? መጀመሪያ የመሰለኝ በባልቴቷ ፊት ማፈሬ ነበር። በማግስቱ ግን መለኪያ ይዤ ገብቼ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በዚያ ቅርንጫፍ ይሄድ የነበረው የመንገደኞች ፉርጎ ርዝመቱ 57 ጫማ ነው፤ የአንዱ ቅስት ስፋት 58 ጫማ ነው። ማለት አንድ ፉርጎ አንድ ቅስትን ከሞላ ጐደል ይሸፍናል። ያ ባቡር የሚጐትተው ሁለት ፉርጎ ነበር። ሁለት ፉርጎ በዘጠኝ ቅስት ላይ ሲያልፍ፣ ድልድዩ ትልቅ፣ ባቡሩ ትንሽ፣ ሸለቆውም ጥልቅ ሆኖ ይታያል፤ ሰባት ሲሆን ግን ባቡሩ ይገዝፋል፣ ድልድዩ መንደርኛ ይሆናል። ያ ቅርንጫፍ ማለት ደግሞ ለጥቂት ሰው የተሠራ እጅግ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህንንም የሚናገረው በሁለቱ መካከል ያለው መበላለጥ ነው። እኔ የቀነስሁት ድንጋይ መስሎኝ የቀነስሁት ታሪኩን ኖሯል።

እንግዲህ አንዱ ሊወጣ ግድ ሆነ፤ የወጣው ሃልትዊስል ነው። ስድስት ወር የፈጀብኝን ጣቢያ፣ መድረኩን፣ የጣቢያውን ሹም ቤት፣ በችንካር ራስ የሚያህሉ የአበባ ማሰሮዎቹን ሳይቀር ነቅዬ ይህንኑ ሥራ ለሚሠራ ወዳጄ ሰጠሁት። በስተ ቀኝ ያለውን ማዕዘን ትቼ ሐዲዱን በቀጥታ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁት፤ ባቡሮቹ እዚያ በጨለማ ይጠብቃሉ። ቀዳዳውን በዛፍና በአንድ ትንሽ የመንገድ ድልድይ ሸፈንሁት። የሚመለከት ሰው ባቡሩ ከየት እንደ መጣ አያይም፤ ከቲያትር መጋረጃ ጀርባ እንደሚወጣ ሰው ብቅ ይላል። ዋናው መንገድ፣ ካርላይል፣ ኒውካስል፣ ሎንዶን ሁሉ ከቁም ሣጥኑ ወዲያ ናቸው ብዬ አሰብሁ፤ ይህም ከጠበቅሁት በላይ ተስማማኝ። ሁለቱን ቅስቶች መጨመር ግን በቀላሉ የሚሆን አልነበረም። አዲሱ ጄሶ ከአሮጌው ይነጣል፤ መጋጠሚያውን ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ደበቅሁት፤ ቀለሙን አራት ጊዜ ቀባሁ። ዛሬም ቢሆን የሚያውቅ ዓይን ያገኘዋል። በዚያ መጋጠሚያ ላይ መብራቱ እየተቋረጠ ባቡሩ ለአንድ ወር ያህል ከወንዙ በላይ እየቆመ አስጨነቀኝ፤ በመጨረሻ ያልተበየደች አንዲት ሽቦ ተገኘች።

ይህን ሁሉ ስሠራ እውነተኛው ቦታ ባዶውን እንዳልቀረ መናገር ይገባኛል። ባቡሩ በ1976 ከተዘጋ በኋላ የመንገዱ ወዳጆች ተሰብስበው፣ ከኦልስተን ጀምሮ በዚያው ጥርጊያ ላይ ስፋቱ 610 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠባብ ሐዲድ ዘረጉ። በ1983 የመጀመሪያውን ባቡር አስኬዱ፤ በ2018 ስላጊፎርድ ደረሱ። አምስት ማይል ለመድረስ ሠላሳ አምስት ዓመት ፈጀባቸው ማለት ነው። እኔ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ፈጀብኝ ብዬ ስናገር ዝም የሚያሰኙኝ እነርሱ ናቸው።

በአራተኛው ዓመት ባልቴቷን ጠራኋቸው። ደረጃው ከበፊቱ ይልቅ ከበዳቸው፤ በክንዳቸው ይዤ አወጣኋቸው። ሳይጠይቁኝ የጣራውን መብራት አጠፋሁ፤ የጠረጴዛውን ዝቅ አድርጌ ያዝሁ። ባቡሩ ከዛፎቹ መካከል ወጣ። እሳቸውም መቍጠር ጀመሩ፤ ድምፃቸው መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር፤ ስድስት፣ ሰባት ካሉ በኋላ ግን ከፍ አለ። ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ በምርኩዛቸው ወለሉን መቱት።

ባቡሩ ላምብሊን አልፎ፣ በስተ ግራ ባለው ማዕዘን ዞሮ፣ በተራራው ሥር ሄዶ ኦልስተን ገባ። ባልቴቷ ግን ዓይናቸው ከተራራው አልተነሣም። ላምብሊና ኦልስተን መካከል ያለውን ሁሉ፣ ቦታ ስላልነበረኝ፣ በአንድ ተራራ እንደ ሸፈንሁት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ምርኩዛቸውን ለእኔ አስይዘው ጣታቸውን ከሐዲዱ ዳር፣ ከሣሩ ላይ አሳረፉ። «ስላጊፎርድ እዚህ ነው የሚሆነው» አሉ። «እናቴ ቆማ የምትጠብቀኝ እዚህ ነው»።

ከዚያ ሣር ላይ ጣቢያ የሚሠራበት ቦታ የለም፤ ለክቼዋለሁ፤ እስካሁንም አልሠራሁትም። ባቡሩን ግን ከዚያ ሲደርስ ለአንድ ደቂቃ አቆመዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ኦልስተን ይሄዳል።